የአስታማሚዋ መንገድ

ቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ጋራ ተነሥቶ ወደ ከተማው ይወርዳል። ሕመምተኛው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲጓዝ የኖረው በተቃራኒው ነው፤ ከከተማው ተነሥቶ ሽቅብ፣ ወደ ጠበሉ። ብቻውን የሚወጣው ጥቂት ነው። ከጎኑ አንድ ሰው አይጠፋም፤ በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው የታማሚውን ክንድ የያዘ። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። እናት፣ ሚስት፣ እህት፣ አንዳንዴም ከጉርብትና በቀር ምንም ዝምድና የሌላት። አማርኛ ይህቺን ሰው «አስታማሚ» ይላታል። ቃሉ ከ«ታመመ» የተወለደ ነው፤ ከሕመሙ ለእርሷም ድርሻ የደረሳት ያህል።

ስለ እንጦጦ የተጻፈው ታሪክ ስለ ዘውድ፣ ስለ ዘመቻና ስለ ከተማ መቆርቆር ይተርካል። አስታማሚዋ እምብዛም አትገኝበትም። ዘመኑን ከሥሩ ጀምሮ ለተከተለው ግን በየምዕራፉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ከእነዚህ አስታማሚዎች አንዷማ እቴጌ ነበሩ።

በ1870ዎቹ (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ ሲያደርጉ ቦታው ለጦር የተመቸ ነበር፤ የሚመጣ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለሰው ገላ ግን አልተመቸም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ነፋሱ አያባራም፣ ማገዶው በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። ቁርጥማት የጸናበት የቤተ መንግሥት ሰው ወደ ሜዳው እየወረደ በፍልውኃ መታጠብ ጀመረ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከዚያው ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ስፍራውን «አዲስ አበባ» አሉት። ዋና ከተማይቱ የተወለደችበት ብዙ ምክንያት ይነገራል። የታመመ ጉልበት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ ግን ሲነሣ ብዙ አይሰማም።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አገሩ ፌሽታ ላይ አልነበረም። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶት፣ ማሳው ጦም አድሮ፣ ኋላ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ተያይዞ ነበር። ረኃቡን ወረርሽኝ ተከተለው። በሬ የሞተበት ገበሬ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸውን የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የቤተ መንግሥቱ ጎተራም ለተራበው ተከፈተ። ይህ በታሪክ መጽሐፍ የገባው ነው።

ያልገባው ይበዛል። «ክፉ ቀን ሰውን ከሰው አፋቀረ» ብሎ መጻፍ ደስ ይላል፤ እውነቱ ግን የተደባለቀ ነው። በዚያ ዘመን ልጁን ጥሎ የሄደ አለ፣ ራሱን ለባርነት አሳልፎ የሰጠ አለ፣ የመጨረሻዋን ጥሬ ቆልታ ለልጇ አስቆርጥማ ራሷ ያልነጋላት እናትም አለች። ትርፍ እህል በሌለበት ቤት የሰጠ ሁሉ ከገዛ ጉሮሮው ቀንሶ ነው የሰጠው።

ረኃቡ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐድዋ መጣ። ጣይቱ ከሠራዊቱ ጋር ዘመቱ፤ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ የሚያመላልሱት ሴቶች ብዙ ነበሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ድል ሆነ፣ ቁስለኛው ግን ከድሉ በኋላ ተሸክመው የሚያመጡት ነበር። በዚያው ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው የዐድዋን ቁስለኛ ማከም ጀመሩ። በ1890 ቋሚ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከዚያም ሩሲያውያኑ ሲሄዱ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በቦታው ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተሠራ፤ ዛሬም ከቀበና ብዙ ሳይርቅ ቆሟል።

ሆስፒታል መከፈቱ አስታማሚዋን ከሥራ አላስወጣትም። ሐኪሙ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ያሽጋል፤ የታመመውን የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ልብሱን የሚያጥበው ግን ከቤት የመጣ ሰው ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከቀበና ሁለት መንገድ ይወጣል፤ አንዱ ወደ እንጦጦ ጠበል፣ አንዱ ወደ ሆስፒታሉ በር። ሁለቱንም የምትመላለስባቸው ያቺው ሴት ናት።

ሆስፒታሉ ስማቸውን የያዘው ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው ያን ጊዜ ታማሚ ነበሩ።

ከ1898 ግድም ጀምሮ የጭንቅላት ደም ሥር በሽታ ምኒልክን ይመላለስባቸው ያዘ። በሐኪም ቢሻላቸው ተብሎ የውጭ አገር ባለሙያዎች መጡ፤ በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው በባዕድ አገር ሕክምና ተምረው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ተጠሩ። በ1901 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ፈውስ ፍለጋ ወደ ደብረ ሊባኖስ ጠበል ተጓዙ። ጠበሉና መርፌው በአንድ በሽተኛ ራስጌ ተገናኙ ማለት ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ አዲስ አበባ ውስጥ ሰውን ያወዛገበው «ጠበል ወይስ መድኃኒት» የሚል ጥያቄ በዚያ አልጋ ዙሪያ እንደ ጥያቄም አልተቆጠረም። የተወደደ ሰው ሲታመም የተገኘው ሁሉ ይሞከራል።

በጥቅምት 1902 የመጣው ከሁሉም የከፋ ሆነ። አካላቸውን ሽባ አደረገው፣ አንደበታቸውን ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ ቤተ መንግሥቱ ሁለት ነገር ሆነ፤ የበሽተኛ ቤትም የሥልጣን አደባባይም። ወደ አልጋው የሚያስገባውና የማያስገባው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ጣይቱ ናቸው። ሹመት ሲሰጥ፣ ሲሻር፣ ቃሉ ከበሽተኛው ይሁን ከአስታማሚዋ መለየት አስቸገረ። መኳንንቱ አልታገሡም። በመጋቢት 1902 ተማክረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡ፣ ባላቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አደረጉ።

ይህን ውሳኔ ቆም ብሎ ላሰበው ይገርማል። ወንጌል በፍርድ ቀን ከሚጠየቁት ምግባራት መካከል የቆጠረውን፣ የታመመን መጠየቅና መርዳትን፣ እነዚያ ጾም አዳሪና ቆራቢ መኳንንት የመሻሪያ ቅጣት አድርገው ሰጡት። «ሂጂና ባልሽን አስታሚ» ማለት ለእነርሱ «ምንም አይደለሽም» ከማለት አይለይም ነበር።

ጣይቱ ቅጣቱን ፈጸሙት። ከዚያች መጋቢት እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906፣ ምኒልክ እስከሞቱባት ቀን፣ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ነው። ሽባ የሆነ ሰው በሰው እጅ ይጎርሳል፣ በሰው እጅ ይገላበጣል፤ አገልጋይ በሞላበት ግቢም ቢሆን ሌሊት ትንፋሹን የሚያዳምጥ የእኔ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። እቴጌይቱን ቅድስት ለማድረግ መቸኮል አያሻም። ሥልጣን ይወዱ ነበር፣ ጠላትም አበጅተው ነበር፤ የበሽተኛው አልጋ የሥልጣናቸው ምሰሶ እንደነበርም አይካድም። ነገር ግን ሥልጣኑ ከተወሰደ በኋላ ምሰሶው ምን ያደርግላቸዋል? ያኔ የቀረው አልጋውና በአልጋው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነበር፤ ከእርሱም አልተለዩም።

ምኒልክ ሲሞቱም ጣይቱ ልቅሶ አልተቀመጡም ማለት ይቻላል። የምኒልክ ሞት በአዋጅ አልተነገረም፤ ለቀስተኛ አልተጠራም፣ ሙሾ አውራጅ አልቆመም። ለአራት ዓመት ያስታመመች ሚስት ደረቷን የምትደቃበት አደባባይ ተከለከለች። ከዚያም ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ። ዘውድ የደፉበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ የመጨረሻ መኖሪያቸው ሆነ። ስም ያወጡላትን ከተማ ቁልቁል እያዩ እስከ የካቲት 4 ቀን 1910 ኖረው እዚያው አረፉ። ዐፅማቸው ከባላቸው ጎን፣ በአታ ለማርያም፣ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እቴጌይቱ ባረፉ በዘጠነኛው ወር የከተማው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ታመመ።

ዓለምን ያዳረሰው የ1911 ኢንፍሉዌንዛ እዚህ ያገኘው ስም የወሩን ነው፤ «የኅዳር በሽታ»። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጠና ታመው ለጥቂት ተረፉ። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ መቃብር ቆፋሪ ጠፋ፤ ጅብ በቀን ታየ።

ይህ በሽታ ከሌሎቹ የሚለየው አስታማሚዋን ቀድሞ ወይም አብሮ መጣሉ ነበር። እናት ለልጇ ትኩስ ልታቀርብ ስትነሣ እዚያው ምድጃው ዳር ትወድቃለች። ሁሉም በተኛበት ቤት ከበሽታው ይልቅ የውኃ ጥም ይገድላል፤ እንስራው ባዶ ነው፣ ወንዝ የሚወርድ የለም። ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም አራተኛውን እሑድ «መጻጉዕ» ብላ የምታስበው ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረ ሰው፣ ሕመሙን ሲጠየቅ የመለሰው ሰው እንደሌለው፣ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ዘመድ እንዳጣ ነበር። የኅዳር ሰሞን የአዲስ አበባ ጎጆ ሁሉ መጻጉዕ ሆነ። በዚያ መካከል ከራሱ ቤት ወጥቶ ወደ ጎረቤት የገባ፣ ቅል ውኃ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ የዞረ ሰው ምን እየገዛ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ትኩሳቱን ይዞ ይመለሳል።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ልማድ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። በዚያች ማለዳ ወደ የካ ሚካኤል ንግሥ የሚሄደው ነጠላ ለባሽ ጭሱን የሚሰነጥቅ ይመስላል። ዛሬ ጭሱን የሚያነድዱት ልጆች ስለ ምን እንደሚያነድዱ ብዙዎቹ አያውቁም፤ ዓይናቸውን እያሻሹ ይስቃሉ።

ከኅዳር በሽታ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የምኒልክ ልጅ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሆነ። ዙፋን ላይ ሲወጡ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደርገው ነበር፤ ጉግሣ የጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ሲዋጉ ሞቱ። ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ተከተሏቸው። ቀድሞም በሕመም ላይ ነበሩ፣ ጾሙንም አላፈረሱም። ትኩሳታቸው እንዲወርድ ተብሎ በቀዘቀዘ ጠበል ውስጥ መነከራቸው ነው የገደላቸው የሚል ወሬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይነገራል፤ ሐዘን ነው የገደላቸው የሚልም አለ። መታሰቢያቸው ተብሎ ስማቸውን የወሰደው ሆስፒታል በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ማስታመም በአዲስ መልክ ታየ። ከዘውዲቱ በኋላ የነገሡት የተፈሪ መኮንን ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ የነርስነት ሙያ ተምረው የሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ሠሩ። የልዑላን ልጅ የሌላ ሰው ልጅ ጨርቅ መለወጧ ለመኳንንቱ ወግ እንግዳ ነገር ነበር። አገር ነጻ ሲወጣ ተመልሰው፣ አግብተው፣ ነሐሴ 1934 ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ 22 ዓመታቸው ነበር። ለሌሎች ነርስ የሆኑት ልዕልት ደም ሲፈሳቸው በቅርብ የረባ ሕክምና አላገኙም። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው ሆስፒታል የተሠራው በዚህ ሐዘን ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት በሆስፒታልና በነርስ ትምህርት ቤት መከፈት የተሞላ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ሆስፒታሉ ሲበዛ ምሳ ዕቃና ፔርሙዝ ይዛ በበሩ የምትጠብቀዋ ሴትም በዚያው ልክ በዛች።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሸዋ ውስጥ ተወልደው አዲስ አበባ ትዳር የያዙ አንዲት ሴት ለስለት ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። አበበች ጎበና ይባላሉ። ወሎ ተርቦ ነበር። መንገድ ላይ ከሞተች እናቷ አጠገብ የተኛች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ከግሸን የያዙት አምስት ሊትር ጠበል ነው። ዳቦውን አካፈሉ፣ ጠበሉን አጠጡ፣ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባል «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» አለ። ወይዘሮ አበበች ትዳራቸውንና የሞላ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ ቆሎ ቆልተው፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አሳደጓቸው። ስማቸውን የያዘው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ከዚያች መንገድ ተጀምሮ ብዙ ሺህ ልጆችን ደረሰ።

ዘመድን ማስታመም አንድ ነገር ነው። የማያውቁትን ሰው ዘመድ ሆኖ ማስታመም ሌላ ነው። ወይዘሮ አበበች ከስለታቸው መንገድ የያዙት ጠበል በልጅቱ አፍ ውስጥ ሲገባ ስለቱ ደረሰ አልደረሰም የሚለውን ለካህናት መተው ይሻላል።

በ1976 በተወሰደ የደም ናሙና ላይ ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። በ1978 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የእንጦጦን መንገድ የሞላው ይህ በሽታ ነው፤ እንደ ኅዳር በሽታ በአንድ ወር ጠርጎ የሚሄድ ሳይሆን በየቤቱ ገብቶ ቀስ እያለ የሚያከሳ። ስሙን የሚጠራው የለም። «ያ በሽታ» ይባላል፤ ወይም «ሳንባ ነው» ይባላል። ያከራየ ያስወጣል፣ አብሮ የበላ ሳህን ይለያል፣ ቡና የጠጣ ሲኒውን ለብቻ ያስቀምጣል።

ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚወጣው ሰው ብዛት ያኔ እጅግ ጨመረ። ከአዲስ አበባ ብቻ አልነበረም፤ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሐረር የመጣ አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባሉ የጭቃ ቤቶች ጠበልተኛ በየክፍሉ ተከራየ። ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ብርዱ ያ ጥንት ምኒልክን ቁልቁል ያወረደው ብርድ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ተሰልፎ ይጠመቃል። አጥማቂው ካህን ውኃውን ያፈሳል፣ መስቀሉን ያሳርፋል፤ የጮኸ ይጮኻል፣ ያቃሰተ ያቃስታል። ከዚያ ጠበሉ በሊትር ይጠጣል፣ እምነቱ ይቀባል። ታማሚው ሲንቀጠቀጥ ወጥቶ የሚገባው ደረቅ ጋቢ ዘርግታ በምትጠብቀው ሴት ክንድ ውስጥ ነው።

አንዳንዶቹ ሴቶች ራሳቸውም በሽታው አለባቸው። የበረታች የደከመችን ታነሣለች፣ ነገ ተራው ይገለበጣል። ከቤት የተባረሩት እዚያ ጋራ ላይ እርስ በርሳቸው ቤተ ሰብ ሆኑ፤ «እህቴ» የሚባባሉት በአንድ ሌሊት የተዋወቁ ሰዎች ናቸው። የቤት ኪራዩን ለመክፈል ከባሕር ዛፉ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ተሸክመው ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ ሴቶች በዚያ ጋራ ድሮም ነበሩ፤ አሁን ከሸክሙ ሥር የበሽተኛ ምግብ ወጪም ተጨመረ።

ታች በከተማው ደግሞ ዕድሩ ተቸገረ። ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ድንኳን፣ ወንበርና ለቀስተኛ ይዞ ይደርሳል። በ1990ዎቹ ግን ወጣት ተቀባሪ በዝቶ የገንዘብ ሳጥኑ ባዶ ወደ መሆን ደረሰ። ነርሷ ሲስተር ጥበበ ማኮ የመሠረቱት ሕይወት የተባለው ድርጅት ከዕድሮች ጋር እየሠራ ሰው ሳይሞት በፊት እንዲደረስለት፣ በየቤቱ የተኛውን የሚያጥቡና የሚመግቡ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች እንዲሠለጥኑ አደረገ። ለሞተ ብቻ ይወጣ የነበረ ገንዘብ ለታመመም መውጣት ጀመረ። በዕድር ታሪክ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ከዚያም መድኃኒቱ መጣ። በ1995 በክፍያ፣ ከጥር 1997 ጀምሮ ደግሞ በነጻ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መስጠት ከጀመሩት ቀዳሚ ሆስፒታሎች አንዱ ዘውዲቱ ነበር። በንግሥቲቱ ሞት ጊዜ የተጀመረው የጠበል ወሬ በስማቸው በተጠራው ግቢ በር ላይ ሌላ መልክ ይዞ ተነሣ። «መድኃኒቱን የያዘ በጠበሉ አላመነም» የሚሉ ነበሩ። እየተሻለው የነበረ ሰው ክኒኑን ጋራው ላይ አቋርጦ በወራት ውስጥ ዳግም የወደቀበት ጊዜ ነበር። ይህን ወሬ የዘሩ ሰዎች በነፍስ የተጫወቱ መሆናቸውን ለስለስ አድርጎ መጻፍ አይገባም።

በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በይፋ ተናገሩ፤ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ይህ ቃል በእንጦጦ ጋራ ላይ የነበረውን ክርክር ሁሉ አልዘጋውም። ለአስታማሚዋ ግን ትልቅ ሸክም አወረደላት። እስከዚያ ድረስ ክኒኑን በጉያዋ ሸጉጣ፣ ከአጥማቂውም ከጎረቤትም ተደብቃ ነበር የምትሰጠው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ጀሪካኑን ከፍታ፣ በዚያው ጠበል ክኒኑን አስውጣ፣ ማታ አንድ ሰዓት ሲደርስ ትደግም ነበር። ሰዓቱ እንዳያልፍ የምትቆጥረው እርሷ ነበረች።

ሰው የሌለውስ? በ2002 ቢኒያም በለጠ መቄዶንያ የተባለውን የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሲጀምሩ የሰበሰቧቸው እነዚያን ነው፤ መንገድ ላይ የወደቁ፣ የሚያነሣቸው ያጡ፣ የዘመኑ መጻጉዖች። ማዕከሉ ባደገ ቁጥር ገላ የሚያጥቡት ወጣት በጎ ፈቃደኞችም በዙ።

ከዚያ የኩላሊት ዘመን መጣ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ገደማ። በግል የጤና ተቋም ይህ ቤት ያሸጣል። ፎቶ የለጠፈ መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በመስከረም 2008 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ አገር ውስጥ ተደረገ። ያኔ ለጋሹ በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ መሆን ነበረበት። እናት ለልጇ፣ እህት ለወንድሟ፣ ሚስት ለባሏ ከሁለቱ ኩላሊቷ አንዱን ሰጥታ፣ በአንድ ቀን ሁለት አልጋ ላይ ይተኛሉ። ያን ጊዜ አስታማሚዋም ታማሚ ናት፤ ለሁለቱ ምሳ ዕቃ የሚያመላልስ ሦስተኛ ሰው ይፈለጋል።

ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 በዚያው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በኮሮና አረፉ። ወረርሽኙ እንደ ኅዳር በሽታ መጠያየቅን ራሱን አስፈሪ ያደረገበት ዘመን ነበር።

ንቅለ ተከላ ያልደረሰው ወደ ማሽኑ ይመላለሳል። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እጥበት የሚጠብቁ ሰዎች በማለዳ ይመጣሉ፤ ከቀበና በእግራቸው የሚመጡም አሉ። በዚህ በሽታ አዲሱ ችግር ውኃ ነው። ኩላሊቱ የማያጣራ ሰው በቀን የሚጠጣው ተለክቶ ይሰጠዋል፣ ካለፈ ሳንባው ይሞላል። ጠበልም ውኃ ነው። በሊትር ጠጥቶ መዳን የለመደ ጋራ ለዚህ ታማሚ ልክ ማበጀት ነበረበት።

ሌሊት ከእንጦጦ የወረደች ሴት ከግቢው አጥር ሥር ጀሪካኗን አስቀምጣ ትቀመጣለች። በውስጥ ማሽኑ አራት ሰዓቱን ይዟል። ታማሚው ሲወጣ ደክሞት፣ ፊቱ አመድ መስሎ ይወጣል፤ ጋቢውን ታለብሰዋለች። ከዚያ ከዘንቢሏ አንዲት የቡና ሲኒ ታወጣለች። ጠበሉን እስከ ግማሽ ትቀዳለች፣ ወደ ብርሃን አንሥታ ታያለች፣ ትንሽ መልሳ ወደ ጀሪካኑ ታንጠባጥባለች። የቀረውን ትሰጠዋለች።